የሩቅ መነጽራችሁን ቤት ትታችሁ ውጡ

ለላሊበላ ያዘጋጀሁት ሻንጣ ሳሎን በር አጠገብ አራት ቀን ቆሞ ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ሹራቡን አውጥቼ ለበስኩት፤ ስንቅ ብዬ የያዝኩትን በሶ የልጅ ልጄ በጥብጦ ጠጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር "ጡረታ ስወጣ ወሎን አያለሁ" እል ነበር። ጡረታው ሲመጣ ኮሮና አብሮት መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ከተማችን ድረስ ገባ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት፣ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሌላ የተዘጋ መንገድ ሆነ። አገር እስኪረጋጋ ልጠብቅ ብል ጉልበቴ እንደማይጠብቀኝ ያወቅሁት ያን ሻንጣ ስፈታ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋም ሲከፈትም ጥንታዊ ሥዕል፣ ድንጋይ፣ ወፍና አጥንት የማይበት የራሴ ዘዴ አለኝ። አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው፤ እናንተ ከእኔ ስህተት ጀምሩ።

በቅድሚያ መንገድ መጠየቅን እወቁበት። ስልክ ላይ ከሚነበበው ወሬ ግማሹ የትናንት ነው፣ ግማሹ የምኞት። እኔ ረፋድ ላይ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ተሳፋሪ የሚጠሩትን ልጆች አልጠይቅም፤ ለእነሱ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ዓለም በሙሉ ሰላም ነው። ከምሄድበት አቅጣጫ በዚያው ጠዋት የገባ ሹፌር እፈልጋለሁ። "መንገዱ ሰላም ነው?" ማለትም ዋጋ የለውም፤ በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ "አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው" ከሚል በቀር መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠየቀው "ዛሬውኑ ትመለሳለህ ወይስ እዚሁ ታድራለህ?" ተብሎ ነው። "እመለሳለሁ" ካለኝ እሳፈራለሁ። ዓይኑን ወደ ጎማው መልሶ "አብሽሩ እትዬ" ካለኝ አመነታለሁ። ሁለት ጊዜ "አብሽሩ" ካለኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከአጥሩ ይጀምር። የደሴ አጥርና የቤት መሠረት የሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ በእንጀራ ላይ እንጀራ እንደሚደራረብ ደጋውን የሸፈነ ቅልጥ ዐለት ነው። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ የጦሳን ተራራ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ገደሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ ደረጃዎቹ ቅልጡ በየጊዜው እየፈሰሰ የረጋባቸው ናቸው። አሁን ወደ አጥራችሁ ተመለሱና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን ድንጋይ ፈልጉ። ቀዳዳው ዐለቱ ገና ትኩስ ሳለ በውስጡ የታፈነ ጋዝ የሠራው አረፋ ነው። አንዳንዱ ባዶውን ቀርቷል፤ አንዳንዱን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የሰረገ ውኃ በነጭ ማዕድን ሞልቶታል። ነጩ ላይ ሎሚ ጨምቁበትና ጆሮአችሁን አስጠጉ። ቀስ ብሎ ከተንተከተከ ካልሳይት ነው። ዝም ካለ በጠርሙስ ስባሪ ላይ ጫሩበት፤ ጠርሙሱን ከቧጠጠው ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጄ ይህን ካሳየሁት በኋላ የጎረቤትን አጥር ሁሉ ሲፈትን ውሎ በአንድ ቀን ስድስት ሎሚ ጨረሰ። የሎሚን ዋጋ ለምታውቁ ሰዎች በኮምጣጤም ይሠራል።

ከዚያው የእሳተ ገሞራ ድርድር ውስጥ ወሎ ለዓለም ያወጣችው ኦፓል ይገኛል። ደላንታ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው በፈረንጆች 2008 ነው። ጎረቤቴ ሐጂ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት አሏቸው፤ ልጃቸው ከደላንታ ያመጣላቸው ናት። መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ሲጠፋ እኔና ሐጂ ኦፓሏን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ እናስቀምጣታለን። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ቀስ በቀስ ነጭነቷ ይጠፋል፣ ቀለሟም አብሮ ይከስማል፣ መጨረሻ ላይ የብርጭቆው ግርጌ ላይ መኖሯ እስኪያጠራጥር ድረስ ጥርት ትላለች። አውጥታችሁ ጥላ ላይ ስታስቀምጧት በቀናት ውስጥ ውኃዋን ትተፋለች፤ አረንጓዴውና ቀዩ እሳት ይመለሳል። ቀለሙ ከቀለም የመጣ አይደለም፤ ዓይን የማያያቸው የሲሊካ እንክብሎች ተደርድረው ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። ለማድረቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ ወይም ምጣድ አጠገብ እንዳታስቀምጧት፤ ትሰነጠቃለች። ዘይትና ሽቶም አታስነኳት። ልትገዙ ስትሉ ደግሞ ሻጩ በውኃ ያራሰውን ድንጋይ አትመኑ፤ ደርቆ አሳዩኝ በሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህን ድንጋይ የሚያወጡት ወጣቶች ገደል ላይ በዶማና በመዶሻ ዋሻ እየቆፈሩ ነው። ዋሻው ተንዶባቸው የቀሩ አሉ። ሐጂ ብርጭቆው ላይ ሲያፈጡ አንዳንዴ ዝም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሐጂ ሌላም ያሳዩኛል። አባታቸው የተዉላቸው በእጅ የተጻፈ መንዙማ ነው፤ ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ። ዐጀሚ ይሉታል። የወሎ ሼኾች ለምዕመኑ በገዛ አፉ ሊዘምሩለት የደከሙበት ጽሑፍ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ሙዚየም ሳይኬድ ይታያል። ደንብ አለው ግን። አምጡልኝ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስለ አባታቸው ጠይቁ። መጽሐፉ ከመጣ እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ፣ ገጹን የሚገልጠው ባለቤቱ ይሁን፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ከዚያ ጥቁሩን ቀለም አትዩ፤ ቀዩን ተከተሉ። ጸሐፊው የት ቦታ ብዕሩን ለውጦ ቀይ እንደነከረ ስታዩ የት ላይ ድምፁ ከፍ እንደሚል ትሰማላችሁ። ሐጂ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሳያውቁት ይወዛወዛሉ።

አሁን ወደ መነጽሩ ልምጣ። በ2016 መጀመሪያ ላይ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ኬላ ቦርሳዬ ሲፈተሽ የሩቅ መነጽሬ ወጣ። ወጣቱ ፈታሽ መነጽሩን አገላብጦ፣ "እማማ፣ በዚህ ምን ሊያዩበት ነው?" አለኝ። "ቁራ" አልኩት። "ቁራ ለማየት መነጽር ምን ያደርጋል?" አለ። ጥያቄው ልክ ነበር። ቁራ በየቄራውና በየአጥሩ ላይ ነው የሚውለው። ያ ባልከፋ፤ ቀጥሎ ግን ማስታወሻ ደብተሬ ተከፈተ። ውስጡ የተራራውን ንብርብር ለማሳየት የሣልኩት ሸንተረር፣ የዐለቱን ዘመም የሚያመለክት ቀስት፣ ከቀስቱ ሥር ቁጥር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት ሥዕል በሌላ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ። ሦስት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። መነጽሩ ተመለሰልኝ፣ ደብተሩ ቀረ።

ስለዚህ፦ መነጽር አትያዙ። ገጠር ስትወጡ ሸንተረር፣ መንገድና ድልድይ አትሣሉ፤ ቀስትና ቁጥር በፍጹም። ወፍ ሣሉ፣ ቅጠል ሣሉ፣ የሥዕሉን ስም ከሥሩ በጉልህ ጻፉ። ፎቶ ለማንሳት ካስፈለገ ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፤ የታጠቀ ሰው፣ ተሽከርካሪ ወይም ኬላ በአካባቢው ካለ ስልኩን አታውጡት። ለጎረቤት የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ። ኬላ ላይ ደግሞ እውነቱን በአጭሩ ተናገሩ። እኔ ስለ ወፎቹ ላስረዳ ብዬ ነገሩን ያከበድኩት ይመስለኛል፤ የመምህርነት በሽታ።

መነጽሩን መያዝ መተዌ የበጀኝ ነገር አለ። ቀድሞ አንዷን ወፍ አይቼ ስሟን ጽፌ ወደ ሌላዋ እሄድ ነበር። አሁን በረንዳዬ ላይ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አንዱን ቁራ ሃያ ደቂቃ አያለሁ። ሞክሩት። የእኛ ደጋ ትልቁ ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ምንቃሩ እንደ መዶሻ ወፍራም ነው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭም አይኖርም። ሃያ ደቂቃ ካያችሁት ፋንድያውን በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ውስጡ ያለውን ትል ሲለቅም ታገኙታላችሁ። ረጅም የቆለመመ ምንቃር ያለው ጋጋኖም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የለውም፤ በመስኩ ላይ ሲበር ድምፁ ከማንም በፊት ይሰማል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጺማሙን ጥንብ አንሳ ታያላችሁ፤ አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይጥለዋል፣ ሲሰበር ወርዶ መቅኑን ይበላል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን እስከ ቦረና ሳይንት ወይም ላስታ እስከ አቡነ ዮሴፍ መውጣት ያስፈልጋል፤ እሱን መንገድ ለከፈተለት ሰው ትቼዋለሁ።

ከተማ ውስጥ ሙዚየሙ አለ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው፤ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ባዶ መደርደሪያ ብታገኙ አትለፉት። ቆማችሁ "እዚህ ምን ነበር?" በሉ። አንድ ጊዜ ይህን ስጠይቅ አብረውኝ የነበሩ አንድ አዛውንት በባዶው መስታወት ላይ በጣታቸው የነበረውን ዕቃ ሣሉልኝ፤ እጀታውን ሳይቀር። ወሎ መዘረፍን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብራናውን፣ ታቦቱን፣ ዘውዱን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወሰደ፤ ጨረታውን ያካሄደው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። ኦፓሉ የሚቆፈርበት ደላንታ።

ከሙዚየሙ በኋላ አይጠየፍ ሂዱ፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። እኚህ ሰው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ። የአዳራሹን ስም እያሰባችሁ አንድ ዙር ዙሩት፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም፣ የደሴ ሰው ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። የከተማዋን ስም ግን ከሰማይ ጋር ስለሚያያዝ እነግራችኋለሁ። በፈረንጆች 1882 መስከረም ላይ በቀን ጭምር የታየ ታላቅ ባለጅራት ኮከብ ወጣ። አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው አዩትና ተደስተው ቦታውን "ደሴ" አሉት ይባላል። ለልጆች ስትነግሩ ማታ አውጥታችሁ ወደ ጦሳ አዙሯቸውና ንገሯቸው፤ መብራት የጠፋ ቀን ይሻላል፣ እሱ ደግሞ አይጠፋም።

አጥንት ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ያቃተው ሰው ጠመኔና የበር መቃን ይበቃዋል። ኅዳር 1967 አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወሎ ከረሀቡ ገና አላገገመችም፣ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። አባቴ ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በጥይት መገደላቸውን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ እንደጫነ ቀረ፤ እናቴ በሩን ዘጋች። የተገደሉት ኅዳር 14 ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 15፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረው ሐዳር በረሃ ውስጥ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አሸዋ ላይ የክንድ አጥንት አዩ። ድንቅነሽ ነበረች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ያየኋቸው መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። የሥነ ሕይወት መጽሐፉ አንደኛውን ብቻ ይዟል፣ የታሪኩ መጽሐፍ ሌላኛውን።

ድንቅነሽን ቤት ውስጥ እንዲህ ታዩአታላችሁ። በበሩ መቃን ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ለክታችሁ በጠመኔ አስምሩ። ቁመቷ ያ ነው፤ ሙሉ ሰው ሆና። ከዚያ ልጅ አቁሙና ከፊት ለፊት ጭኑን እዩ፦ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘማል፣ ለዚህ ነው አንድ እግራችንን ስናነሳ ወደ ጎን የማንወድቀው። የድንቅነሽም ጭን እንዲሁ ነው፤ በሁለት እግሯ መሄዷን ሊቃውንቱ ያወቁት ከዚህም ነው። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። የልጅ ልጄ መስመሩ ሥር ቆሞ ራሱን ለካና "በልጫታለሁ" ብሎ ሮጦ ወጣ። መስመሩ እስካሁን አልጠፋም፤ የቤት ቀለም ሲቀባም ቀቢውን አስቀርቼዋለሁ።

ላሊበላ መንገዱ የተከፈተ ቀን አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ ስለ ላሊበላ ያልተጻፈ ነገር የለምና። አሥራ አንዱን አትዙሩ። አንዱን ምረጡና ግማሽ ቀን ስጡት። እኔ የምመርጠው ቤተ አማኑኤልን ነው። ግድግዳው በአግድም ወጣ ገባ እያለ ተጠርቧል። ያ ጌጥ የመጣው ከእንጨት ነው፦ በአክሱም ዘመን ግድግዳ ሲሠራ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት ይደረግ ነበር። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ስልት በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ የታነጸ ነው። ቤተ አማኑኤልን የጠረቡት ግን ግንብ አልገነቡም፤ ከአንድ ዐለት ውስጥ ከላይ ወደ ታች እየቆረጡ ሲወርዱ እንጨት የሌለበትን እንጨት አስመሰሉት። እጃችሁን ሳታስነኩ ጎን ለጎን ሆናችሁ ብርሃን ሲያዘነብል ብታዩት የመሮው ምት ይታያል። ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ጥላው ስለሚጠፋ ግድግዳው ሁሉ ልሙጥ ይመስላል።

ከሁሉ አብልጬ የምሄደው ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሹፌሩ "እመለሳለሁ" የሚልበት ቀን ይበዛል። አባ ኢየሱስ ሞአ በፈረንጆች 1248 ገዳሙን አቋቁመው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው እዚያ ነው። እኔ ሴት ነኝና ገዳሙ ውስጥ አልገባም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ሴት አንባቢዎች ከበር እንዳትመለሱ ነው፤ እኔ በአንድ ወቅት በተለይ አዲስ ነጠላ ለብሼ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከውጭ የሚታይ ነገር አለ፣ ከውስጥ ያለውንም የምመለከትበት መንገድ አግኝቻለሁ።

ከውስጥ ላለው የልጅ ልጄን እልካለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ሲመለስ "እንዴት ነበር?" አልኩት፣ "ጥሩ ነው" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አልፈረድኩበትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ምን እንደሚያይ አልነገርኩትም። አሁን ሦስት ጥያቄ አስይዤ ነው የምልከው። ብራና ካሳዩት መጀመሪያ የቆዳውን ጠጉር ፈልግ፦ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተሠራ ገጽ በአንዱ ፊቱ የጠጉሩ ቀዳዳዎች እንደ መርፌ ጫፍ ሆነው ይታያሉ፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ ነጣ ያለና ልስልስ ነው። ሁለተኛ፣ መስመሩን ፈልግ፦ ጸሐፊው በገጹ ዳርና ዳር በወስፌ ወግቶ ቀለም በሌለው ጫፍ ያሰመረው ነው፣ ከጎን ካላዩት አይታይም። ሦስተኛ፣ በቀይ የተጻፉትን ስሞች ቁጠር። ሥዕል ከሆነ ደግሞ ዓይኖችን ቁጠር፤ በኋለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ሲታይ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ባለፈው ሲመለስ ከሩቅ እየጮኸ ነው የመጣው፦ "የፍየሏን ጠጉር አየሁት! አሥራ ሁለት ቀይ!" አብረውት የነበሩት አባት ቀዩን አብረውት ቆጥረዋል አለኝ።

እኔ በበኩሌ ከመጽሐፍ ያስነሳሁትን ቅጂ ይዤ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። የኢየሱስ ሞአ ወንጌል ይባላል፤ በፈረንጆች 1280 ወይም 1281 የተጻፈ ሲሆን ዘመናቸው በእርግጥ ከሚታወቅ ሥዕላት ካሏቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞአ ሥዕልም አለበት። ቅጂው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር። በኋላ ግን ቀለም ስለሌለ መስመሩን ብቻ ማየት ጀመርኩ። በየትኛውም ብራና ላይ ሐረጉን፣ ማለትም ገጹን የሚያስጌጠውን የተጠላለፈ የመስመር ጌጥ፣ ስታገኙ ጣታችሁን አየር ላይ አድርጋችሁ አንዱን ክር ከጫፍ ጀምራችሁ ተከተሉት፣ ከላይ ሲያልፍ፣ ከሥር ሲገባ፣ ተጠምዝዞ ሲመለስ። ዓይን ቸኩሎ የዘለለውን ጣት አይዘልም።

ከዚያ ቅጂውን አጥፉና ውኃውን እዩ። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፣ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባው ዝናብና ጅረት በፀሐይ ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ ከዙሪያው የሚመጣው ሁሉ እታች ጭቃው ላይ ይቀመጣል፣ የአበባ ብናኝ ሳይቀር። ገዳሙ የነበረበት ደሴት ውኃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር የሚገባበት ሆኗል። የአካባቢው ሴቶች ሐይቁ እንዴት እንደመጣ የሚነግሩት ሌላ ነው፦ አንዲት እርጉዝ ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ እርጉዟ ከተቀመጠችበት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ደረቅ የቀረው ቦታ ደሴቱ ነው ይላሉ። እርጉዝ በመቀመጧ የቆመ ቦታ ሴት አይገባበትም፤ ይህን ስላቸው ይስቃሉ።

ሊቃውንት ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሥር ጭቃውን በቱቦ አውጥተው ብናኙን በማይክሮስኮፕ ቆጥረዋል። የ3,000 ዓመት የደን ታሪክ ነው ያገኙት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ዙሪያውን የነበረው የዝግባና የጽድ ደን ተመነጠረ። ከዚያ 1,800 ዓመት ያህል ክትክታና ሣር ሆነ። ኢየሱስ ሞአ ሲመጡ ያገኙት ተራራ ያ ነው፤ እኛ "ጥንት ደን ነበር" የምንለው ጥንት ለእሳቸውም ጥንት ነበር። ቀጥሎ በፈረንጆች ከ1400 እስከ 1700 ጽዱ ከወይራ ጋር ተመለሰ። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ ተሳስቻለሁ ብዬ ደግሜ አነበብኩ። የግራኝ ጦርነት የተካሄደው፣ ወሎ አገሩ ሁሉ የተገላበጠው በዚያው መሐል ነው። ዜና መዋዕሉ ጦርነቱን ጻፈ፤ ጽዱ በየሸንተረሩ መብቀሉን የመዘገበው ጭቃው ብቻ ነው።

ይህን አውቃችሁ ኮረብታውን ተመልከቱ። የምታውቁትን ዛፍ አንድ በአንድ በስሙ ጥሩ፤ የማታውቁትን እረኛ ጠይቁ፣ እረኛ አይሳሳትም። ባሕር ዛፉን በምናባችሁ ንቀሉት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ክትክታውን ቅጠሉን አሽታችሁ ለዩት። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ጽድ ፈልጉና በዚያ ተራራው በሙሉ ሸፍኑት፤ ከዚያ መልሳችሁ ግፈፉት። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ስሠራ ከማዶ ሁለት ጊዜ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ሠርግ ይሁን ሌላ አላወቅንም፣ አጠገቤ ልብስ የምታጥበው ሴት ቀና ብላ አየችና ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ግን ተነሥቼ ልጁን ጠራሁትና ወደ አስፋልቱ ወጣን። ተኩስ በሰማችሁ ጊዜ የጀመራችሁትን ለመጨረስ አትቆዩ፤ ኮረብታው አይሄድም።

ከአሥር ሰዓት በፊት ሚኒባስ ውስጥ ሁኑ። ምሳ ከፈለጋችሁ ደግሞ ገና እንደደረሳችሁ ወደ ሐይቁ ከመውረዳችሁ በፊት ዓሣ እዘዙ። ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው፤ ግን እስከ ሰባት ሰዓት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ሽሮ ነው።